በቬሪሎግ የባለምልክት ቁጥሮች ስሌት፦ የስታንዳርዱ ሕጎችና በንድፍ ሥራ ላይ የሚያስከትሏቸው ስሕተቶች

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ይህ አጭር ጽሑፍ ቬሪሎግ በተባለው የሃርድዌር መግለጫ ቋንቋ ውስጥ ባለምልክት ቁጥሮች የሚሰሉባቸውን ሕጎች ያብራራል። ሕጎቹ እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው የአይ ትሪፕል ኢ 1364 ስታንዳርድ የተደነገጉ ሲሆን፣ ዛሬም በሲስተምቬሪሎግ ስታንዳርድ፣ በአይ ትሪፕል ኢ 1800፣ ጸንተው ይገኛሉ። ጽሑፉ ሦስት ነጥቦችን ያስረዳል። አንደኛ፣ ምልክት መኖር አለመኖሩ ውጤትን የሚለውጠው በጥቂት የስሌት ዓይነቶች ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ በአንድ የሒሳብ ሐረግ ውስጥ የገባ አንድ ምልክት አልባ ኦፕራንድ የሐረጉን ሁሉ ትርጉም ይለውጣል። ሦስተኛ፣ በስታንዳርዱ ልዩ ልዩ አንቀጾች ተበታትነው የሚገኙት ድንጋጌዎች በአራት ተከታታይ እርምጃዎች ሊጠቃለሉ ይችላሉ። በመጨረሻም ለንድፍ ሠሪዎች የሚጠቅሙ የአሠራር ምክሮች ቀርበዋል።

ቁልፍ ቃላት፦ ቬሪሎግ፣ ባለምልክት ስሌት፣ የሁለት ማሟያ፣ የቢት ስፋት፣ የሃርድዌር መግለጫ ቋንቋ

1. መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ለማስተርስ ጥናቱ የአንድ አነስተኛ ዲሲ ሞተር ፍጥነት የሚቆጣጠር ሰርኪዩት በኤፍፒጂኤ ላይ ሠርቶ ነበር። የሰርኪዩቱ ሐሳብ ቀላል ነው። ከተፈለገው ፍጥነት ላይ የተለካው ፍጥነት ይቀነሳል፤ ልዩነቱ በአንድ ማባዣ ይባዛል፤ የተገኘው እርማት ለሞተሩ ይሰጣል። ሞተሩ ከተፈለገው በታች ሲሄድ ልዩነቱ ፖዘቲቭ ስለሚሆን ኃይል ይጨመርለታል፤ ከተፈለገው በላይ ሲሄድ ልዩነቱ ኔጌቲቭ ስለሚሆን ኃይል ይቀነስለታል።

በሲሙሌተር ላይ የተደረገው ሙከራ ሞተሩ ከቆመበት ተነሥቶ ወደ ተፈለገው ፍጥነት የሚደርስበትን ሂደት የሚያሳይ ነበር፤ ውጤቱም እንከን አልታየበትም። ንድፉ በሰሌዳው ላይ ከተጫነ በኋላ ግን ሞተሩ የተፈለገውን ፍጥነት በጥቂቱ እንዳለፈ፣ ፍጥነቱን በመቀነስ ፈንታ እስከ መጨረሻው አቅሙ ድረስ ጨመረ። ሽቦው ተመረመረ፣ የመለኪያው ሴንሰር ተቀየረ፣ የኃይል ምንጩ ተፈተሸ። ጥፋቱ ግን ከእነዚህ በአንዱም አልነበረም። ጥፋቱ በአንዲት መስመር ውስጥ ነበር፦

እርማት = ልዩነት * ማባዣ

«ልዩነት» 8 ቢት ስፋት ያለው ባለምልክት ተለዋዋጭ ነው። «እርማት» 16 ቢት ስፋት ያለው ባለምልክት ተለዋዋጭ ነው። «ማባዣ» ደግሞ 4 ቢት ስፋት ያለው፣ ምንጊዜም ፖዘቲቭ ዋጋ የሚይዝ በመሆኑ ያለምልክት የተበየነ ተለዋዋጭ ነው። መስመሯን ያነበበ ሁሉ ትክክል ናት ይላል። ቋንቋውን የሚተረጉመው መሣሪያም ስሕተት አለ አላለም፤ በስታንዳርዱ መሠረት ስሕተት የለባትምና። ስታንዳርዱ የሚሰጣት ትርጉም ግን ንድፍ ሠሪው ካሰበው ፈጽሞ የተለየ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ከዚህ ነው። ምሳሌዎቹ ለአንባቢ እንዲቀሉ የተለዋዋጮች ስም በሙሉ በአማርኛ ተጽፏል፤ የኦፕሬተሮቹ ምልክቶች ግን ቋንቋው የሚጠቀምባቸው ናቸው።

2. ታሪካዊ ዳራ

ቬሪሎግ የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ጌትዌይ ዲዛይን አውቶሜሽን በተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ቋንቋው በኋላ በኬደንስ ኩባንያ እጅ ገብቶ ለሕዝብ ክፍት የተደረገ ሲሆን፣ በ1995 የአይ ትሪፕል ኢ 1364 ስታንዳርድ ሆኖ ጸደቀ።

በ1995ቱ ስታንዳርድ ኔጌቲቭ ኢንቲጀር ቁጥር ሊይዝ የሚችለው «ኢንቲጀር» የተባለው የተለዋዋጭ ዓይነት ብቻ ነበር። ሬጅስተሮችና ሽቦዎችን የሚወክሉት ዓይነቶች ሁሉ ምልክት አልባ ነበሩ። ስለዚህ በ12 ወይም በ18 ቢት ኔጌቲቭ ቁጥር ለማስላት የፈለገ ንድፍ ሠሪ የምልክቱን ቢት በእጁ እየደገመ ማስፋት፣ ንጽጽሩንም በራሱ ዘዴ መሥራት ነበረበት።

የ2001ዱ እትም ይህን ችግር ለመፍታት አራት ነገሮችን ጨመረ። አንደኛው፣ ሬጅስተርን፣ ሽቦን፣ መግቢያና መውጫ በርን እንዲሁም ፈንክሽንን ባለምልክት አድርጎ ለመበየን የሚያስችለው «ሳይንድ» የተባለ ቁልፍ ቃል ነው። ሁለተኛው፣ ስፋታቸውና የቁጥር መሠረታቸው የተገለጸ ቋሚ ቁጥሮች ባለምልክት እንዲሆኑ የሚያስችል አጻጻፍ ነው። ሦስተኛው፣ ዓይነትን የሚቀይሩት $ሳይንድ እና $አንሳይንድ የተባሉ የሥርዓት ፈንክሽኖች ናቸው። አራተኛው፣ >>> እና <<< የተባሉ የሒሳባዊ ሽግሽግ ኦፕሬተሮች ናቸው።

ስታንዳርዱ በ2005 እንደገና ታትሟል። በዚያው ዓመት ሲስተምቬሪሎግ በአይ ትሪፕል ኢ 1800 ስም የወጣ ሲሆን፣ በ2009 ሁለቱ ሰነዶች ተዋሕደው አንድ ሆኑ። የባለምልክት ስሌት መሠረታዊ ሕግ ግን በእነዚህ ሁሉ እትሞች ውስጥ ቀጥሏል። ስለሆነም ከዚህ በታች የሚቀርበው ማብራሪያ ለቬሪሎግም ሆነ ለሲስተምቬሪሎግ ተጠቃሚ ያገለግላል።

3. መሠረተ ሐሳቡ፦ ቢቶቹ አንድ ናቸው፣ ንባባቸው ይለያያል

በሃርድዌር ውስጥ «የመቀነስ ምልክት» የሚባል ነገር የለም። ያሉት 0 እና 1 ብቻ ናቸው። 1100 የሚለው ባለ 4 ቢት ቅደም ተከተል ምልክት አልባ ተብሎ ሲነበብ 12 ነው። በሁለት ማሟያ ሥርዓት ባለምልክት ተብሎ ሲነበብ ግን የግራ ጫፉ ቢት ክብደት 8 መሆኑ ቀርቶ −8 ስለሚሆን፣ ዋጋው −8 + 4 = −4 ነው። ቢቶቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው አነባበባችን ነው።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ጥያቄ ይነሣል፦ ሰርኪዩቱ ራሱ የንባቡን ልዩነት የሚያውቀው መቼ ነው? መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አያውቀውም የሚል ነው። በ1100 ላይ 0001 ቢደመር 1101 ይገኛል። ይህ እንደ ንባቡ 13 ወይም −3 ነው፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ስፋቱ እስካልተለወጠ ድረስ መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛት፣ የግራ ሽግሽግ፣ የእኩልነት ንጽጽር፣ እንዲሁም ቢትን ከቢት የሚያገናኙ ሎጂካዊ ስሌቶች ለሁለቱም ንባቦች አንድ ዓይነት ቢቶችን ይሰጣሉ።

ልዩነት የሚፈጠረው በተለይ በሚከተሉት አራት ቦታዎች ነው።

ሀ) ማስፋት፦ ጠባቡ ቁጥር ወደ ሰፊው ሲሸጋገር የሚጨመሩት ቢቶች ዜሮዎች ናቸው ወይስ የምልክቱ ቢት ቅጂዎች?
ለ) የመብለጥና የማነስ ንጽጽር፦ 1100 ከ0001 ይበልጣል ወይስ ያንሳል?
ሐ) ማካፈልና ቀሪ ማግኘት።
መ) ሒሳባዊ የቀኝ ሽግሽግ፦ ከግራ የሚገባው ቢት ዜሮ ነው ወይስ የምልክቱ ቢት?

እነዚህን አራት ቦታዎች መለየት የሚጠቅመው ስሕተቱ ለምን ለረጅም ጊዜ ተደብቆ እንደሚቆይ ስለሚያስረዳ ነው። ምልክቱን ያጣ ሐረግ በአራቱ ቦታዎች አንዱን እስካልነካ ድረስ ትክክለኛ ቢቶችን መስጠቱን ይቀጥላል። አንድ ቀን ንድፍ ሠሪው የውጤቱን ስፋት ከ8 ወደ 16 ቢት ሲያሳድግ ብቻ፣ ትናንት ሲሠራ የነበረው መስመር ዛሬ ይሳሳታል።

4. የስታንዳርዱ ሕግ በአራት እርምጃ

ስታንዳርዱ ኦፕራንዶችን በሁለት ይከፍላል። አንዳንዶቹ ስፋታቸውና ዓይነታቸው በራሳቸው የሚወሰን ነው። ሌሎቹ ደግሞ በአውዳቸው፣ ማለትም በሚገኙበት ሐረግ የሚወሰኑ ናቸው። የመደመር፣ የመቀነስ፣ የማባዛትና የማካፈል ኦፕራንዶች በአውድ የሚወሰኑ ናቸው። የሽግሽግ መጠን (በሽግሽግ ኦፕሬተር በስተቀኝ ያለው ቁጥር)፣ በምርጫ ኦፕሬተር ውስጥ ያለው ቅድመ ሁኔታ፣ እንዲሁም በመቀጣጠል ውስጥ ያሉ አባላት በራሳቸው የሚወሰኑ ናቸው። ይህ መለያ ከተያዘ የአንድ ሐረግ ስሌት እንደሚከተለው ይከናወናል።

እርምጃ 1፦ ስፋትን መወሰን። በአውድ ከሚወሰኑት ኦፕራንዶች ሁሉ የሰፊው ስፋት ይወሰዳል። ሐረጉ ዋጋውን ለአንድ ተለዋዋጭ የሚሰጥ ከሆነ፣ በስተግራ ያለው ተለዋዋጭ ስፋትም በውድድሩ ይገባል።

እርምጃ 2፦ ዓይነትን መወሰን። ከኦፕራንዶቹ አንዱ እንኳ ምልክት አልባ ከሆነ ሐረጉ ሁሉ ምልክት አልባ ይሆናል። ሐረጉ ባለምልክት የሚሆነው ሁሉም ኦፕራንዶች ባለምልክት ሲሆኑ ብቻ ነው። (ሪል ቁጥር ካለ ውጤቱ ሪል ይሆናል፤ ይህ ጽሑፍ ግን በኢንቲጀር ስሌት ላይ ብቻ ይወሰናል።) በዚህ እርምጃ በስተግራ ያለው ተለዋዋጭ ምንም ድምፅ የለውም።

እርምጃ 3፦ ስፋቱንና ዓይነቱን ወደ ታች ማውረድ። የተወሰነው ስፋትና ዓይነት በአውድ ወደሚወሰን እያንዳንዱ ኦፕራንድ፣ ቅንፍ ውስጥ ወዳለውም ጭምር፣ ይወርዳል።

እርምጃ 4፦ ማስፋትና ማስላት። እያንዳንዱ ተለዋዋጭ ወይም ቋሚ ወደ ወረደው ስፋት ይሰፋል። የምልክቱን ቢት እየደገመ የሚሰፋው የወረደው ዓይነት ባለምልክት ከሆነ ብቻ ነው፤ አለዚያ በዜሮ ይሰፋል። ከዚያ በኋላ ስሌቱ ይካሄዳል።

ከእነዚህ እርምጃዎች ሁለት ነጥቦች በጥብቅ ሊጤኑ ይገባል። የመጀመሪያው፣ አንድ ባለምልክት ተለዋዋጭ የሚሰፋው በራሱ ማንነት ሳይሆን በሐረጉ ማንነት መሆኑ ነው። ተለዋዋጩ ባለምልክት ተብሎ መበየኑ፣ ባለምልክት ሆኖ እንደሚሰፋ ዋስትና አይሰጥም። ሁለተኛው፣ የስፋትና የዓይነት አወሳሰን አለመመሳሰሉ ነው። በስተግራ ያለው ተለዋዋጭ በስፋት ላይ ይወስናል፤ በዓይነት ላይ ግን አይወስንም። «ውጤቱን ባለምልክት አድርጌ በይኛለሁና ስሌቱም ባለምልክት ይሆናል» የሚለው በጀማሪዎች ዘንድ የተለመደ እምነት መሠረት የለውም።

እንዲህ ያለው ሕግ እንግዳ ቢመስልም የቬሪሎግ ብቻ አይደለም። በሲ ቋንቋም ባለምልክት ኢንቲጀር ከእኩያው ምልክት አልባ ኢንቲጀር ጋር ሲደባለቅ ስሌቱ ምልክት አልባ ይሆናል። ልዩነቱ በሃርድዌር ቋንቋ ስፋቶች እንደ ንድፍ ሠሪው ፍላጎት 3፣ 11 ወይም 18 ቢት ስለሚሆኑ ማስፋት በየመስመሩ የሚያጋጥም መሆኑ ነው። ስለዚህ የስሕተቱ ዕድል እጅግ ይሰፋል።

5. ሕጉ በተግባር

5.1 የሞተሩ ጉዳይ

ወደ መነሻችን እንመለስ። ልዩነቱ −5 ነው እንበል፤ በ8 ቢት 11111011 ተብሎ ይጻፋል። ማባዣው 3 ነው። እርምጃ 1፦ ሰፊው ስፋት የ«እርማት» በመሆኑ 16 ቢት ነው። እርምጃ 2፦ «ማባዣ» ምልክት አልባ ስለሆነ ሐረጉ ምልክት አልባ ነው። እርምጃ 3 እና 4፦ «ልዩነት» በዜሮ ወደ 16 ቢት ሲሰፋ 251 ይሆናል፤ 251 × 3 = 753። የተጠበቀው −15 ነበር። ሞተሩ ፍጥነት ቀንስ መባል ሲገባው በኃይል ጨምር ተባለ።

«እርማት» 8 ቢት ብቻ ቢሆን ኖሮስ? የ753 የታችኛዎቹ 8 ቢቶች 241 ናቸው፤ ይህም ባለምልክት ሆኖ ሲነበብ −15 ነው። ጥፋቱ አለ፤ ነገር ግን አይታይም። ሰፊ ውጤት የተመረጠው ለጥንቃቄ ነበር፤ ያው ጥንቃቄ ስሕተቱን ወደ አደባባይ አወጣው።

መፍትሔው «ማባዣ»ን ባለምልክት አድርጎ መበየን ነው። ይህ ሲደረግ ግን ስፋቱ ከ4 ወደ 5 ቢት ማደግ አለበት። አለዚያ ከ8 እስከ 15 ያሉት ዋጋዎች ኔጌቲቭ ሆነው ይነበባሉ። $ሳይንድ የተባለውን ፈንክሽን በባለ 4 ቢቱ ተለዋዋጭ ላይ በቀጥታ መጠቀምም ያው ነው፤ 12 የነበረው ማባዣ −4 ይሆናል። በመሆኑም አስቀድሞ ከፊቱ አንድ የዜሮ ቢት ማቀጣጠል፣ ከዚያም መቀየር ያስፈልጋል።

5.2 የጭማሪ ቢት

ሁለት ባለ 4 ቢት ባለምልክት ቁጥሮች ከአንድ ባለ 1 ቢት ጭማሪ ጋር ተደምረው 5 ቢት ውጤት ይሰጣሉ፦

ድምር = ሀ + ለ + ጭማሪ

ሀ = −2፣ ለ = 1፣ ጭማሪ = 1 ቢሆኑ መልሱ 0 መሆን አለበት። «ጭማሪ» ምልክት አልባ ከሆነ ሀ በዜሮ ሰፍቶ 14 ይሆናል፤ 14 + 1 + 1 = 16፤ ይህም በ5 ቢት 10000 ሲሆን ባለምልክት ሆኖ ሲነበብ −16 ነው። ንድፍ ሠሪው ይህን አይቶ «ጭማሪ»ን ባለምልክት ቢያደርገው ሌላ ጉድጓድ ይጠብቀዋል። 1 ቢት ስፋት ያለው ባለምልክት ቁጥር ሊይዝ የሚችለው 0 እና −1 ብቻ ነው። ስለዚህ ድምሩ −2 + 1 − 1 = −2 ይሆናል፤ የሚጨመረው ቢት ይቀነሳል ማለት ነው። ትክክለኛው መንገድ ከጭማሪው ፊት ዜሮ አቀጣጥሎ 01 ካደረጉ በኋላ ወደ ባለምልክት መቀየር ነው።

በተመሳሳይ የንጽጽር ውጤት ምንጊዜም ምልክት አልባ 1 ቢት ነው። ስለዚህ ሀ + (ለ > መ) በሚለው ሐረግ ውስጥ ሦስቱም ተለዋዋጮች ባለምልክት ቢሆኑም ድምሩ ምልክት አልባ ይሆናል። ለማጠጋጋት ሲባል እንዲህ የሚጽፍ ሰው ከሰፊ ውጤት ጋር ያው ስሕተት ይገጥመዋል።

5.3 ቋሚ ቁጥሮች

መሠረታቸው ሳይገለጽ በተራ አጻጻፍ የሚጻፉ አሥርዮሽ ቁጥሮች ባለምልክት ናቸው። መሠረታቸው የተገለጸ ቁጥሮች ግን የባለምልክትነት ፊደል ካልተጨመረባቸው ምልክት አልባ ናቸው። −20 ለ4 ሲካፈል በ32 ቢት የሚገኘውን እንመልከት። 20 በተራ አጻጻፍ ከተጻፈ መልሱ −5 ነው። ስፋቱ ሳይጠቀስ በአሥርዮሽ መሠረት፣ ያለ ባለምልክትነት ፊደል ከተጻፈ መልሱ 1073741819 ነው፤ ምክንያቱም የሚካፈለው 4294967276 ነውና። ባለ 5 ቢት ባለምልክት ቋሚ ሆኖ ከተጻፈ ደግሞ መልሱ 3 ነው። 20 በ5 ቢት 10100 ስለሆነ ራሱ −12 ተብሎ ይነበባል፤ ከፊቱ ያለው የመቀነስ ምልክት 12 ያደርገዋል፤ 12 ለ4 ሲካፈል 3 ይሆናል። ከቁጥሩ ፊት የሚጻፈው የመቀነስ ምልክት የቋሚው አካል ሳይሆን ራሱን የቻለ ኦፕሬተር መሆኑን ይህ ምሳሌ በግልጽ ያሳያል።

ከዜሮ ጋር የሚደረግ ንጽጽርም ተመሳሳይ አደጋ አለው። ሀ ባለምልክት ሲሆን ሀ < 0 የሚለው እንደታሰበው ይሠራል። ዜሮው ስፋትና መሠረት ተሰጥቶት ያለ ባለምልክትነት ፊደል ከተጻፈ ግን ንጽጽሩ ምልክት አልባ ስለሚሆን ከቶ እውነት ሊሆን አይችልም። ከዜሮ የሚያንስ ምልክት አልባ ቁጥር የለምና።

5.4 ከፊል ምርጫና መቀጣጠል

ከአንድ ተለዋዋጭ አንድ ቢት ወይም ተከታታይ ቢቶች ሲመረጡ ውጤቱ ምልክት አልባ ነው። የተመረጠው የተለዋዋጩ ሙሉ ስፋት ቢሆንም እንኳ ሕጉ አይለወጥም። ሀ ባለ 8 ቢት ባለምልክት ሆኖ −5 ቢይዝ፣ ሀ ብሎ መጻፍና ሀ[7:0] ብሎ መጻፍ አንድ አይደሉም። በ16 ቢት ውጤት የመጀመሪያው −5፣ ሁለተኛው 251 ይሰጣል። ስፋቱን ለአንባቢ ለማስታወስ ሲሉ በየቦታው ቅንፍ የሚጨምሩ ንድፍ ሠሪዎች ይህን ልማድ ቢተዉ ይመከራል። የመቀጣጠል ውጤትም እንዲሁ ምልክት አልባ ነው።

5.5 ሒሳባዊ የቀኝ ሽግሽግ

>>> የተባለው ኦፕሬተር የምልክቱን ቢት የሚያስገባው የሐረጉ ዓይነት ባለምልክት ከሆነ ብቻ ነው። ሀ = −8፣ በ8 ቢት 11111000 ይሁን። ሀ >>> 1 ብቻውን −4 ይሰጣል። ነገር ግን

ውጤት = ምርጫ ? (ሀ >>> 1) : መ

በሚለው መስመር መ ባለ 8 ቢት ምልክት አልባ ከሆነ፣ ሁለቱ አማራጮች የአንድ ሐረግ ኦፕራንዶች በመሆናቸው የሽግሽጉም ዓይነት ምልክት አልባ ይሆናል። ከግራ ዜሮ ይገባል፤ 01111100 ማለትም 124 ይገኛል። መ ባይመረጥም፣ ሽግሽጉ በቅንፍ ቢታጠርም ውጤቱ ያው ነው። ቅንፍ የስሌትን ቅደም ተከተል ይወስናል እንጂ የዓይነትን ድንበር አያሠምርም።

ድንበር የሚያሠምሩት መቀጣጠል፣ $ሳይንድ እና $አንሳይንድ፣ እንዲሁም ስሌቱን በሌላ መስመር ለሌላ ተለዋዋጭ መስጠት ናቸው። ነገር ግን $ሳይንድ የስፋትም ድንበር መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ሀ = 100 እና ለ = 60 የሆኑ ባለ 8 ቢት ባለምልክት ቁጥሮች በ$ሳይንድ ውስጥ ቢደመሩ፣ ስሌቱ በ8 ቢት ብቻ ስለሚከናወን 160 መሆኑ ቀርቶ −96 ይሆናል፤ በስተግራ ያለው ተለዋዋጭ 16 ቢት መሆኑም አያድነውም።

5.6 የሞጁል በሮች

ባለምልክትነት የሞጁልን ድንበር አይሻገርም። በአንዱ ሞጁል ባለምልክት የሆነ ሽቦ ወደ ሌላው ሲገባ፣ በተቀባዩ ሞጁል ውስጥ በሩ ባለምልክት ተብሎ ካልተበየነ ምልክት አልባ ሆኖ ይታያል። ሥራ ተከፋፍለው በቡድን የሚነድፉ ተማሪዎች እያንዳንዱ ሞጁል ለብቻው ሲፈተሽ ትክክል ሆኖ፣ ሲገጣጠም የሚሳሳትባቸው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

6. ከቪኤችዲኤል ጋር ሲነጻጸር

ሌላው የሃርድዌር መግለጫ ቋንቋ ቪኤችዲኤል ተቃራኒውን መንገድ መርጧል። እ.ኤ.አ. በ1997 በአይ ትሪፕል ኢ 1076.3 ስታንዳርድ በወጣው «ኑሜሪክ ስታንዳርድ» ጥቅል ባለምልክትና ምልክት አልባ ሁለት የተለያዩ ዓይነቶች ናቸው። ሁለቱን በቀጥታ የሚደምር ኦፕሬተር በጥቅሉ ውስጥ አልተበየነም፤ የደባለቀ ሰው ገና ፕሮግራሙ ሲተረጎም የስሕተት መልእክት ይደርሰዋል። ንድፍ ሠሪው የትኛው ወደ የትኛው እንደሚቀየር በግልጽ እንዲጽፍ ይገደዳል።

ቬሪሎግ አጭርና ቀለል ያለ አጻጻፍን ይፈቅዳል፤ ዋጋው ደግሞ ዝምታ ነው። ቪኤችዲኤል ብዙ ያስጽፋል፤ ነገር ግን የሞተሩን መስመር በመጀመሪያው ቀን ይመልሰው ነበር። አንዱ ቋንቋ ከሌላው ይበልጣል ማለት ግን አይደለም። ቬሪሎግን የመረጠ ሰው ቪኤችዲኤል የሚያደርግለትን ቁጥጥር በራሱ ሥነ ሥርዓት ሊተካው ይገባል ማለት ነው።

7. የአሠራር ምክሮች

ከላይ ከቀረቡት በመነሣት የሚከተሉት ይመከራሉ።

አንደኛ፣ በአንድ ሐረግ ውስጥ ባለምልክትና ምልክት አልባ አይደባለቁ። ምልክት አልባው አስቀድሞ በራሱ መስመር ከፊቱ ዜሮ ተቀጣጥሎለት፣ በአንድ ቢት ወደሚሰፋ ባለምልክት ተለዋዋጭ ይዛወር።

ሁለተኛ፣ ረጅም ሐረግ ይከፋፈል። በተለይ >>> የሚገኝበት ስሌት ለብቻው መስመር ይሰጠው።

ሦስተኛ፣ በሙሉ ስፋት ላይ ከፊል ምርጫ አይደረግ።

አራተኛ፣ በየሞጁሉ በሮች ላይ የባለምልክትነት ብያኔ በእያንዳንዱ ደረጃ ይደገም።

አምስተኛ፣ ሙከራው የምልክቱን ድንበር የሚነካ ይሁን። ለባለ 8 ቢት ባለምልክት ግቤት ቢያንስ −128፣ −1፣ 0፣ 1 እና 127 ይሞከሩ። በሞተሩ ሙከራ ላይ −1 ብቻ እንኳ ተጨምሮ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ ሰሌዳው ላይ ከመድረሱ በፊት በተገኘ ነበር።

ስድስተኛ፣ የሊንት መሣሪያዎች የዓይነት መደባለቅንና ያልተጠበቀ መስፋትን አስመልክተው የሚሰጡት ማስጠንቀቂያ በችላታ አይታለፍ።

8. ማጠቃለያ

የቬሪሎግ የባለምልክት ስሌት ሕግ ግራ የሚያጋባው ውስብስብ ስለሆነ አይደለም። ግራ የሚያጋባው፣ ከየኦፕራንዱ ብያኔ የምንጠብቀውን ትርጉም በሐረጉ አጠቃላይ ማንነት ስለሚሽር ነው። ስፋት ከሁሉም፣ ከስተግራው ተለዋዋጭ ጭምር ይሰበሰባል፤ ዓይነት ከስተቀኙ ብቻ ይወሰናል፤ ሁለቱም ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ማስፋት በወረደው ዓይነት ይፈጸማል። እነዚህን አራት እርምጃዎች በወረቀት ላይ መከተል የሚችል ተማሪ በዚህ ጽሑፍ የቀረቡትን ምሳሌዎች ያለ ሲሙሌተር ሊፈታቸው ይችላል።

በሶፍትዌር እንዲህ ያለ ስሕተት ሲገኝ መስመሩ ታርሞ ፕሮግራሙ እንደገና ይጫናል። ኤፍፒጂኤም ቢሆን እንደገና ሊጫን ይችላል። ወደ ቺፕ የተቀረጸ ንድፍ ግን አይታረምም፤ እንደገና መመረት አለበት። ስለዚህ የዚህ ሕግ ዕውቀት ከፈተና ጥያቄነት ያለፈ ነው። በንድፍ ኮርሶች ውስጥ ስለ ሁለት ማሟያ ከሚሰጠው ትምህርት ጎን ለጎን፣ ቋንቋው ራሱ ያንን ትምህርት እንዴት እንደሚተረጉመው የሚያሳይ አንድ የላቦራቶሪ ክፍለ ጊዜ ቢመደብ፣ ተማሪዎች በሽቦና በሴንሰር ላይ የሚያጠፉትን ጊዜ በእጅጉ ይቀንሳል ተብሎ ይታመናል።